ኢስታንቡል ላይ «ወንድም፣ ላይተር አለህ?» የሚልህ ሰው

ጥያቄ፦ «በሚቀጥለው ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዕቃ ለማምጣት ኢስታንቡል እንሄዳለን። ሆቴላችን ላሌሊ ነው። አንድ ማታ ታክሲም ወደሚባለው ሰፈር ወጥተን መዝናናት አስበናል፤ ግን ከዚህ በፊት የሄዱ ሰዎች ‹ደላሎቹ አይለቁም፣ ክለብ አስገብተው በሺህ ዶላር ቢል ያመጣሉ› እያሉ አስፈሩን። ሰው ሳናስቀይም እንዴት እንለፋቸው? ገብተን ቢሉ ከመጣስ ምን እናድርግ? ቢመልሱልኝ።»

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ሰው ሳናስቀይም» ያልከው ነው። የታክሲም ደላላ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ጉልበት አይጠቀምም፤ የሚይዝህ በይሉኝታህ ነው። ሰላም ያለውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የሚከብደው፣ የተዘረጋ እጅ ሳይጨብጥ የማያልፍ፣ የተጋበዘውን ቢራ ጥሎ መነሣት የሚያፍር ሰው ለእሱ ያለቀለት ገበያ ነው። እኛ ደግሞ እንዲሁ ሆነን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሦስታችሁም ከሆቴል ሳትወጡ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ መንገድ ላይ ቀርቦ ያናገራችሁ ሰው የመረጠው ቤት አትገቡም። ሰውየው ደግም ይሁን ክፉ፣ ቱርክም ይሁን የሌላ አገር ሰው፣ ቤቱን እናንተ ካልመረጣችሁት አትገቡም። ይህን ከጠበቃችሁ ከዚህ በታች ካለው ምክር ግማሹ አያስፈልጋችሁም።

ሁሉም ጠሪ ግን አንድ አይደለም። ከታክሲም አደባባይ ከሚነሣው ከኢስቲክላል መንገድ ወጣ ብላ ባለችው ኔቪዛዴ በምትባል የመጠጥ ቤቶች ጎዳና ላይ አስተናጋጆች በየራሳቸው ደጃፍ ሜኑ ይዘው ቆመው «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። እነዚህ ያሰለቻሉ እንጂ አይጎዱም። ቤቱ ይታያል፣ ተጠቃሚው ይታያል፣ ዋጋው ደጃፉ ላይ ይጠየቃል። ቱርኮች «ሃኑትቹ» የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ ደጃፍ የለውም፣ መንገድ ላይ እየተዘዋወረ ሰው ለሌላ ቤት ያመጣል፣ ድርሻውን የሚያገኘውም ከእናንተ ሂሳብ ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ለደላላው፣ አብረው ለሚቀመጡት ሴቶችና በር ላይ ለቆሙት ሰዎች መክፈል ስላለበት በመደበኛ ዋጋ ሊያስተናግዳችሁ አይችልም። «ከእኔ ጋር ከሆናችሁ ቅናሽ አለ» ማለቱ ሐሰት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ደላላ መሆኑ ከነጭራሹ የማይታወቀው ነው፤ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁም ከእሱ ነው። ንጹሕ ለብሷል፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ብቻውን ነው። «ወንድም፣ ላይተር አለህ?» ወይም «ሰዓት ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ እሱም እንግዳ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ከዱባይ ነኝ፣ ከቆጵሮስ ነኝ፣ ለሥራ ከአንካራ መጥቼ ነው ይላል። ከዚያ «ከየት ናችሁ? መጀመሪያችሁ ነው? ስንት ቀን ትቆያላችሁ? ሆቴላችሁ የት ነው?» ይላል። ጥያቄዎቹ የወዳጅ ጨዋታ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ግን መለኪያ ነው። «መጀመሪያችን ነው» ስትሉ ዋጋ እንደማታውቁ ያውቃል። የሆቴሉ ስም አቅማችሁን ይነግረዋል። «ነገ እንመለሳለን» ካላችሁ ደግሞ ክስ ለመመሥረት ጊዜ የሌላችሁ ሰዎች መሆናችሁን ነገራችሁት። ላሌሊ ማለታችሁ ብቻውን እንኳ በቂ ነው፤ የልብስ ነጋዴ የሚያርፍበት ሰፈር ስለሆነ ጥሬ ዶላር እንደያዛችሁ ይገምታል። በመጨረሻ «አንድ ቢራ አብረን እንጠጣ፣ ጥሩ ቦታ ሰምቻለሁ» ይላል። አንዳንዴ የመጀመሪያውን ቤት ራሱ ይከፍላል፤ ያ በእውነትም ተራ ዋጋ ያለው ተራ ቤት ነው። ወጥመዱ ሁለተኛው ቤት ላይ ነው። አንዴ ስለጋበዛችሁ «እንቢ» ማለት ያሳፍራችኋል፤ የመጀመሪያውን ቢራ የከፈለው ይህን እፍረት ለመግዛት ነው።

«ሐበሻ? ሰላም ነው?» ብሎ በአማርኛ የሚጀምርም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። የላሌሊ ገበያ ከብዙ አገር ነጋዴ ጋር የሚሠራ ስለሆነ ከየቋንቋው ጥቂት ቃል ማወቅ የተለመደ ነው። ሰላምታውን እንደ ዝምድና አትቁጠሩት።

አሁን መንገዱ ላይ የሚደረገውን ልንገርህ። ኢስቲክላል ከታክሲም አደባባይ እስከ ታችኛው ጫፉ፣ እስከ ቱኔል፣ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግረኛ መንገድ ነው፤ መሐሉን ቀይ ትራም ያልፍበታል። ደላሎች የሚቆሙት በአደባባዩ በኩል ባለው ጫፍና በግራ ቀኝ ባሉት ጠባብ መንገዶች አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዝ ጠርዙን ሳይሆን የትራሙን ሐዲድ ተከትላችሁ መሐሉን ሂዱ፤ የትራሙን ደወል ግን አዳምጡ። ካርታ ማየት ካስፈለጋችሁ ሱቅ ወይም ካፌ ውስጥ ግቡ እንጂ መንገድ ላይ ቆማችሁ ስልክ አትመልከቱ። የቆመና ዙሪያውን የሚያይ ሰው ከሩቅ ይታወቃል።

ሲጠራችሁ ፍጥነታችሁን አትቀይሩ፣ አትዙሩ። መልስ ካስፈለገ አንዲት «ሃይር» ትበቃለች፤ በቱርክኛ «አይ» ማለት ነው። ከደገመ «ኢስቴሚዮሩም»፣ አልፈልግም። ከዚያ ወዲያ ዝምታ። ምክንያት አትስጡ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት ያዘጋጀው መልስ አለው። «በልተናል» ስትሉት «መጠጥ ብቻ» ይላል። «ደክሞናል» ስትሉት «አምስት ደቂቃ ብቻ»፣ «ገንዘብ የለንም» ስትሉት «መግቢያ ነጻ ነው»። ከሁሉ የሚብሰው «ነገ እንመጣለን» ነው፤ እኛ ሰውን በጨዋነት ለመሸኘት የምንለው ነው፣ እሱ ግን ቀጠሮ አድርጎ ይወስደውና «የት ሆቴል ልምጣ?» ይላል።

የፊት ምልክትም ያሳስታል። እኛ ቅንድብ ከፍ አድርገን «አዎ» እንላለን፤ ቱርኮች ደግሞ ቅንድብና አገጭ ከፍ አድርገው፣ አንዳንዴም ምላሳቸውን «ጭ» አድርገው፣ «አይሆንም» ይላሉ። አስተናጋጁን «ይህ በሂሳቡ ውስጥ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት ቅንድቡን ካነሣ አልተስማማም ማለት ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» የምንለውን ደግሞ ጨርሶ አይረዱትም። አዎና አይ በቃል ይነገር።

እጅ ሲዘረጋ አትጨብጡ፤ ጨብጦ አለመልቀቅ የታወቀ ዘዴ ነው። አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው ቦርሳ ላይ ቢሆን ሰላምታ መንፈግ አይመስልም። ደላላው ከያዛችሁ ክንዳችሁን በእሱ አውራ ጣት በኩል አዙራችሁ ሳቡ፤ የማንም እጅ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው። አትግፉት፤ ከገፋችሁት ጠቡን የጀመራችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። እየተከተለ ከመጣ ብርሃን ወዳለበት ሱቅ ወይም መድኃኒት ቤት ግቡ፤ ታክሲም አደባባይና ጋላታሳራይ ትምህርት ቤት ደጃፍ አካባቢ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ስለሚቆም ወደዚያ መራመድም ያስለቅቃል። ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቱርክ የደንብ መተላለፍ ሕግ ቁጥር 5326፣ አንቀጽ 37፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ሰውን የሚያስቸግርን ይቀጣል። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ድምፅ ከፍ አድርጎ «ፖሊስ» ማለት ብቻውን ብዙውን ያርቃል።

ሦስት መሆናችሁ ጥቅም አለው፣ ጉዳትም አለው። ደላላ ሦስቱን አያናግርም፤ ወደ ኋላ የቀረውን ወይም ሳቂታውን ይዞ ሌሎቹን በእሱ ይስባል። ከመካከላችሁ አንዱን የማታው «እንቢ ባይ» አድርጉት፤ እሱ «አይሆንም» ካለ ሌሎቹ አይከራከሩም። ጠባዩ ከሁላችሁም ኮስታራ የሆነውን ምረጡ። ማንም ከማንም ተለይቶ «መጣሁ» ብሎ አይሂድ።

ከሆቴል ስትወጡ የዕቃ መግዣው ዶላር አብሯችሁ አይውጣ። ለማታው የምታጠፉትን ያህል ሊራና አንድ ካርድ ብቻ ያዙ፤ የካርዱን የቀን ወጪ ጣሪያ በባንካችሁ አስቀድማችሁ አስቀንሱ፣ ቅድመ ክፍያ ካርድ ከሆነም ጥቂት ብቻ ሙሉበት። ፖሊስ የውጭ ዜጋን መታወቂያ የመጠየቅ መብት ስላለው ፓስፖርቱን በውስጥ ኪስ ያዙት፤ ፎቶውን ስልክ ላይም ለቤተሰብም ላኩ። ፓስፖርት ለማንም ቤት መያዣ አይሰጥም። ስልኩ በዋይፋይ ብቻ ሳይሆን በሲም ዳታ የሚሠራ ይሁን።

ሲቪል ለብሶ «ፖሊስ ነኝ፣ የሐሰት ዶላር እየፈተሽን ነው» የሚልም አለ፤ ጥሬ ገንዘብ የሚይዙ ነጋዴዎች ባሉበት ሰፈር በተለይ ይህን ጠብቁ። ብራችሁን ተቀብሎ መንገድ ላይ የሚቆጥር ሰው ፖሊስ ነው ብላችሁ አትመኑ። ቦርሳ አትክፈቱ፣ «ካራኮል» በሉት፤ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ ማለታችሁ ነው።

ቤት ስትመርጡ ከመቀመጣችሁ በፊት በሩን አንብቡት። ምድር ቤት ወይም ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮት የሌለው፣ ከውጭ ውስጡ የማይታይ፣ ደጃፉ ላይ ዋጋ ያልተለጠፈበት ቤት ይለፋችሁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ምግብና መጠጥ የሚያቀርቡ ቤቶች የዋጋ ዝርዝራቸውን በመግቢያውና በጠረጴዛው ላይ እንዲያኖሩ ግዴታ አለባቸው። «ፊያት ሊስቴሲ»፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ብላችሁ ጠይቁ። «ችግር የለም፣ በኋላ» ካለ ችግር አለ ማለት ነው፤ ሳትቀመጡ ውጡ። «ፓቪዮን» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ገና ከውጭ ተመለሱ። ይህ ሴት አስተናጋጆች አብረው የሚቀመጡበት፣ እነሱ የሚጠጡት ሁሉ በእንግዳው ሂሳብ ላይ የሚጻፍበት ቤት ነው፤ ቱርኮቹ ራሳቸው ውድነቱን ያውቁታል።

ዝርዝሩ ሲመጣ የቁጥር አጻጻፋቸውን ልብ በሉ። እነሱ ሺህን በነጥብ፣ ሣንቲምን በነጠላ ሰረዝ ይለያሉ፤ 1.500,00 ማለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። እኛ በተቃራኒው ስለለመድን 1.500 ሲጻፍ አንድ ተኩል መስሎ ሊያልፈን ይችላል። ከቁጥሩ አጠገብ ሊራ መሆኑ ካልተጻፈ ጠይቁ፤ «100» ተብሎ ያያችሁት መጨረሻ ላይ «ዩሮ ነው» ሊባል ይችላል። ገጹን ፎቶ አንሡት። አስተናጋጁ እያያችሁ አንሡ፤ ያኔ ሊያደርገው ያሰበውን ይተዋል።

በየዙሩ ክፈሉ። ሦስት ቢራ መጣ፣ ከፈላችሁ፣ ደረሰኝ ያዛችሁ፤ ሌላ ከፈለጋችሁ እንደገና። ቢራው በታሸገ ጠርሙስ ይምጣ፣ ፊታችሁ ይከፈት። ይህ ለሂሳቡ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በኢስታንቡልና በአንካራ ሜታኖል በሚባል መርዛማ አልኮል የተሠራ ሐሰተኛ መጠጥ ብዙ ሰው ገድሏል። ስለዚህ በማታውቁት ቤት ጠንካራ መጠጥ አትጠጡ። ከጠጣ በኋላ በነጋታውም ቢሆን ዓይኑ የደበዘዘበት፣ የሚያስመልሰው፣ ትንፋሹ የበዛ ሰው ካለ «ሃንጎቨር ነው» ተብሎ አይተኛ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

ያላዘዛችሁት ነገር ሲመጣ ያን ጊዜ ነው ማስቆም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ተቆርጦ በሰፊ ሳህን በተደረደረ ፍራፍሬ ወይም በለውዝ ሳህን ነው። ሳህኑ ሲቀመጥ ማንም «ስንት ነው?» አይልም፤ እንደ ግብዣ ይመስላል። ከሳህኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች መጥተው ይቀመጣሉ፤ እናንተ ሰላም ስትሉ አስተናጋጁ ለእነሱ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ሳህኑን ሳትነኩ ወደ አስተናጋጁ መልሱ፣ «አላዘዝንም፣ ለማንም አንከፍልም» በሉ፣ ተነሡ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ የተነሣ ሰው የሚጠየቀው የአንድ ቢራ ዋጋ ነው፤ አንድ ሰዓት የቆየ ሰው ሂሳብ በመቶዎች ከዚያም በሺዎች ዩሮ ይደርሳል። ከሴቶቹ ጋር አትጣሉ፤ እነሱም ተቀጣሪ ናቸው።

ቢሉ ከመጣ ደግሞ ስሙኝ። ሦስታችሁም አንድ ላይ ተነሡና ወደ በሩ ቅረቡ። ድምፅ አታንሡ፣ ማንንም አትንኩ። ዝርዝሩን ጠይቁ፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት «አዲስዮን» ነው፣ የሂሳብ ማስታወሻ እንጂ ደረሰኝ አይደለም። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣውን «ፊሽ» ጠይቁ። የተጋነነ ሂሳብ በሕጋዊ ደረሰኝ ላይ መጻፍ አይፈልጉም፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ መውረድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ላይ የጠጣችሁትን በፎቶው ዋጋ አስልታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንዳችሁ በግልጽ 112 ደውሉ፤ የፖሊስም የአምቡላንስም ቁጥር እሱ ነው። ቱርክኛ ባትችሉም «ፖሊስ» አንድ ቃል ነው፤ የቤቱንና የመንገዱን ስም ጨምሩ፣ ስልኩን አትዝጉ።

ጠንካራ ሰዎች በሩን ከዘጉና ማስፈራራት ከጀመሩ ግን ጀግንነት አያስፈልግም። ከሕይወታችሁ የሚበልጥ ገንዘብ የለም። ያን ጊዜ የያዛችሁትን ጥቂት ጥሬ ሊራ መስጠት ወይም ጣሪያው ዝቅ ባለው ካርድ መክፈል ይሻላል። ማሽኑ ላይ የሚስጥር ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት የገንዘቡን ዓይነትና ነጥቡን አንብቡ፤ ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ፣ የነጋዴው ስም ያለው እሱ ላይ ነው። «ኤቲኤም እንሂድ» ካሉና አጅበው ካወጧችሁ ደጅ ነው የወጣችሁት፤ መንገዱ በሰው የተሞላ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እዚያው ቁሙ፣ «ፖሊስ» ብላችሁ ጩኹ፣ ወደ ሱቅ ግቡ። አጃቢዎቹ መንገድ ላይ ተመልካች አይፈልጉም።

ፖሊስ ጋ ስትደርሱ የምትናገሩት ቃል ጉዳዩን ይወስነዋል። «በጣም ውድ አስከፈሉን» ካላችሁ የዋጋ ክርክር ነው፤ «ጠጥታችኋል፣ ክፈሉ» ተብሎ ያልቃል። በሩን ዘግተው፣ አስፈራርተው፣ አስገድደው ከወሰዱ ያንኑ በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ ማን በሩ ላይ ቆመ፣ ምን አለ፣ ስንት ሰዓት ነበር። አስገድዶ መውሰድ በቱርክ የወንጀል ሕግ ቁጥር 5237 አንቀጽ 148 «ያዕማ» ይባላል፣ ከባድ ወንጀል ነው፤ ማታለል ደግሞ በአንቀጽ 157 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ያልሆነውን ግን አትጨምሩ። ታክሲም የሚገኘው ቤዮሉ ወረዳ ነው፤ እዚያው ባለው ጣቢያ በዚያው ሌሊት አመልክቱ፤ የቱሪዝም ፖሊስ ቢሮ ደግሞ ሱልጣን አህመት፣ ከየሬባታን የውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ አለ። የቃላችሁን ጽሑፍ «ቱታናክ» ይሉታል፤ ያልገባችሁን አትፈርሙ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ቅጂውን ሳትይዙ አትውጡ። ፓስፖርት ተነጥቃችሁ ከሆነ ቱታናኩን ይዛችሁ አንካራ ወዳለው ኤምባሲያችን ደውሉ።

ከላሌሊ ስትመጡ ኤም 2 በሚባለው ሜትሮ ከቬዝኔጂለር ተሳፍራችሁ ታክሲም ሳይሆን አንድ ፌርማታ ቀድሞ ያለው ሺሽሃኔ ውረዱ። ከታችኛው ጫፍ ገብታችሁ ወደ ላይ ስትወጡ የደላላው ብዛት ያለበትን አደባባይ መጀመሪያ ላይ አታገኙትም። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ይህ ሜትሮ ሌሊቱን ይሠራል፤ ማታውን ከነዚህ በአንዱ ብታደርጉት መመለሻ አያሳስባችሁም። ታክሲ ከያዛችሁ ቆጣሪው ሲበራ እዩ፣ ብር ስትሰጡ «ይኸው 200» ብላችሁ ድምፃችሁን አሰሙ፤ 200 ተቀብሎ «20 ነው የሰጣችሁኝ» የሚል ሾፌር አለ። በእኔ አስተያየት ደግሞ ደላላ የማይወድ ሰው ታክሲምን ትቶ በእስያው በኩል ወዳለው ካድኮይ ቢሻገር ይሻላል። ካዲፌ ሶካክ የምትባለው መንገድ መጠጥ ቤቶች የተደረደሩባት ናት፤ ተጠቃሚው በአብዛኛው የከተማው ወጣት ስለሆነ ዋጋውም በእሱ ልክ ነው።

በካርድ ከከፈላችሁ ሳይነጋ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ካርዱን አዘጉ፤ በማግስቱ ክፍያውን እንደማትቀበሉ በጽሑፍ አመልክቱ። ወረቀቱን፣ የዋጋ ዝርዝሩን ፎቶና ቱታናኩን አያይዙ። በሚስጥር ቁጥር የተፈጸመን ክፍያ ማስመለስ ከባድ ነው፤ ባንኩ «ራስህ ነህ ያስገባኸው» ይላል። ሲሳካ የሚሳካው በዚያው ሌሊት የተጻፈ የፖሊስ ወረቀት ሲኖር ነው፤ ስለዚህ በረራችሁ ጠዋት ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ ጣቢያ፣ ከዚያ ሻንጣ።